ያልጠና መንግሥት፦ በአንድ ረከቦት ዙሪያ የጀብዱ ዘመቻ እንዴት ይመራል

የሚና ጨዋታ ማለት በአጭሩ ይህ ነው። አራት አምስት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። አንዱ አጫዋች ይሆናል። አገሩን፣ ጠላቱን፣ ነጋዴውን፣ ዝናቡን የሚናገረው እሱ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። አጫዋቹ «ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እነሱ ይመልሳሉ። ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ታሪኩ በአንድ ቀን አያልቅም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካቆመበት ይነሣል። እንዲህ እየተቀጣጠለ የሚሄደው ታሪክ ዘመቻ ይባላል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው አሜሪካ ውስጥ በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙ ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ሲሆን የሠሩት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው።

ከዘመቻ ሁሉ እኔ የምወደው ገና ያልጠና መንግሥትን መጠበቅ ነው። አሮጌ መንግሥት ግንብም ሕግም አለው። ተጫዋቹ በር ላይ ቆሞ ከመታገል በቀር ብዙ ሥራ የለውም። አዲስ መንግሥት ግን ነገሩ ሁሉ ክፍት ነው። ንጉሡ ቢሞት ማን እንደሚወርስ አልተቆረጠም። ቀረጡ ስንት እንደሆነ ሁለት ሰው ብትጠይቁ ሁለት መልስ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ጀብደኞቹ አገሩን እየጠበቁ፣ አገሩ ምን ዓይነት አገር እንደሚሆንም ይወስናሉ። የምነግራችሁ ሁሉ ከአንድ ነገር ይነሣል፦ ተጫዋቾቹ መንግሥቱን ከመጠበቃቸው በፊት በእጃቸው ይሥሩት። አጫዋቹ ብቻውን ጽፎ ያመጣውን አገር ለማዳን ከልቡ የሚጨነቅ ሰው እምብዛም አይገኝም።

ጅማ ላለን ሰዎች ደግሞ ይህ ዘመቻ ሩቅ አገር አይደለም። እንዲህ ያለ መንግሥት እዚሁ ኖሯል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ጅሬን ውጡ

ወረቀት ከመንካታችሁ በፊት ቡድኑን ይዛችሁ ጅሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውጡ። የእንጨቱን ሥራ እዩ። ከዚያ ዞር ብላችሁ ታች ያለውን ከተማ ተመልከቱ። ንጉሥ ከኮረብታ፣ ገበያው ከሜዳ። የጅማ መንግሥት ጠባዩ በዚህ አቀማመጥ ይነበባል። ታች የነበረው የሂርማታ ገበያ ከደቡብ ምዕራብ ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። የዛሬዋ ጅማ ከተማ ያደገችውም በዚያው ዙሪያ ነው።

ሦስት ነገር ከታሪኩ ያዙ። ለዘመቻችሁ አጥንት ይሆናሉ።

አንደኛው ጎረቤት ነው። ቀዳማዊ አባ ጅፋር በ1830 እ.ኤ.አ. ገደማ መንግሥቱን ሲያቆሙ ብቻቸውን አልነበሩም። ሊሙ ኤናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ዙሪያውን ነበሩ። ከጅማ ጋር አምስቱ የጊቤ መንግሥታት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በጊዜው ጉልበተኛው በአባ ባጊቦ ይመራ የነበረው ሊሙ ኤናሪያ ነው። ጅማ ከሊሙ ጋር ባዲ ፎላ በሚባለው አካባቢ የተጣላው የነጋዴ መንገድ በዚያ ስለሚያልፍ ነበር። ጥሩ የዘመቻ ጠላት እንዲህ ነው። ክፉ ስለሆነ ብቻ አይመጣም፤ የሚፈልገው ነገር አለ።

ሁለተኛው ድንበር ነው። በጅማ መንግሥት ዳርቻ ሞጋ የሚባል፣ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ነበር። አጥርና ቦይም ነበረው። የሚታለፈው በኬላ ብቻ ነው። ኬላውን የሚጠብቀው ሹም አባ ኬላ ይባላል። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ምን እንደጫነ እሱ ያውቃል። ለጀብደኞች ከዚህ የተሻለ መነሻ ቦታ አላገኘሁም። አገሩ ውስጥ የሚገባ ወሬ ሁሉ በዚያ ያልፋል።

ሦስተኛው ብልሃት ነው። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ጦር ከመግጠም ግብር መክፈልን መረጡ። በዚህም አገራቸው ለረጅም ጊዜ የራሷን አስተዳደር ይዛ ቆየች። ምክሩ የእናታቸው የጉሚቲ እንደነበር ይነገራል። እናንተም ንጉሣችሁን ያለ መካሪ አትተዉት። ተጫዋቾቹ «አንዋጋ» ለማለት ሲፈልጉ የሚሄዱበት ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ ግን እውነተኞቹን ነገሥታት አትጫወቱ። ቅርጹን ውሰዱና አዲስ ስም ያለው፣ የትም የሌለ መንግሥት ፍጠሩ። ጠላቱንም የአንድን ብሔር ቋንቋ ወይም ሃይማኖት አታልብሱት። ጠረጴዛችሁ ዙሪያ የተቀመጡት ልጆች ከተለያየ ቤት የመጡ ናቸው። አንዱ ተጫዋች አያቱ ጠላት ተደርገው ሲነገሩ ቢሰማ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም፤ ባይመጣም እውነቱን ነው።

ደረጃ 2፦ ሰውና ሰዓት

ከአጫዋቹ ሌላ አራት ተጫዋች ይበቃል። አምስትም ይቻላል። ስድስት ሲሆን አንዱ ስልኩን ማየት ይጀምራል።

ሦስት ሰዓት ያህል መድቡ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሻላል፤ ሰው ሳይመሽ በባጃጅ ቤቱ ይግባ። የጁምዓን ሰዓት አትንኩ። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት፣ ወይም ወሩን አሳርፉት። በክረምት የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁና ቤቱ ለአብዛኛው ሰው ቅርብ ይሁን። መብራት ቢጠፋ ሻማ አብሩና ቀጥሉ፤ ይህ ጨዋታ መብራት አይፈልግም።

ቋንቋን በተመለከተ ማንም እንደ አፉ ይናገር። አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየቀላቀልን የምንውል ሰዎች ነን። ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ይህን መከልከል ጨዋታውን ያደርቀዋል።

አንድ ስምምነት ግን ከመጀመሪያው ቀን ይኑር። ማንም ተጫዋች አንድ ትዕይንት ሲከብደው «ይቅር» ካለ ትዕይንቱ ይዘለላል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

ደረጃ 3፦ አራት ሲኒ፣ አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። ደብተር፣ እርሳስ፣ አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ከሉዶ የተወሰደ ሁለት ባለ ስድስት ፊት ዳይስ። ሃያ ፊት ያለውን ዳይስ ፍለጋ ገበያ ለገበያ መንከራተት አያስፈልግም። የደንጅንስ ኤንድ ድራገንስን ወፍራም የእንግሊዝኛ ሕግ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ዋናው ክፍሉ ከጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ይገኛል። ለዚህ ዘመቻ ግን እኔ ከዚህ በታች ያለውን ቀላሉን እመርጣለሁ።

አሁን አራት ሲኒ መሐል ላይ አስቀምጡ። እነዚህ መንግሥቱ ናቸው። የመጀመሪያው ጎተራ ነው፤ ሁለተኛው ግምጃ ቤት፤ ሦስተኛው ኬላ፤ አራተኛው የሕዝብ ልብ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ሦስት ፍሬ ጥሬ ቡና ጨምሩ። ከስድስት በላይ አይገባም።

ጎተራው ባዶ ከሆነ ሰው መሰደድ ይጀምራል፤ በየቀጠሮው ከሕዝብ ልብ አንድ ፍሬ ይወጣል። ግምጃ ቤቱ ባዶ ከሆነ ጠባቂ ደመወዝ አያገኝም፤ ከኬላ አንድ ይወጣል። ኬላ ባዶ ከሆነ ጠላት ሳይታይ ይገባል። የሕዝብ ልብ ባዶ ከሆነ ግን መንግሥቱ በዚያው ቀን ይፈርሳል። ሌሎቹ ሦስቱ ሲኒዎች ሞልተው ቢሆን እንኳ።

የቡና ፍሬው ለጌጥ አይደለም። ቁጥር ደብተር ላይ ሲቀንስ ማንም ልብ አይልም። አንድ ልጅ በእጁ ፍሬ አንሥቶ ሲያወጣ ግን ጠረጴዛው ዝም ይላል።

ደረጃ 4፦ አገሩን አብራችሁ ሳሉ

ትልቁን ወረቀት ዘርጉ። አጫዋቹ አንድ ነገር ብቻ ይሳል፤ ወንዝ። ጊቤን ተሻግሮ የመጣ ሰው ወንዝ ለአገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ በክረምት አጥር ነው፣ በበጋ በር ነው።

ከዚያ እርሳሱ ይዙር። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቦታ ይሳልና ስለ ቦታው አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ገበያ፣ ደን፣ ረግረግ፣ የቀጥቃጮች መንደር፣ ጥንታዊ መቃብር፣ የቡና ጫካ፣ የፈረሰ ድልድይ። የምትሉት ከጠፋባችሁ በዙሪያችሁ ያለውን አስቡ፦ የበለጤን ደን፣ የአዌቱን ወንዝ፣ ጉማሬ የሚታይበትን የቦዬን ረግረግ። ሁለት ዙር ሲዞር አሥር ያህል ቦታ ይኖራችኋል። ይበቃል። ከዚህ በላይ ከሳላችሁ ወደፊት የሚገኝ ነገር አይኖርም።

ንጉሡን አሁን አምጡት። ከነገሠ ሰባት ዓመቱ ይሁን። የሚቀመጠው ገና ዙፋን ላይ አይደለም፤ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ነው። ከሱ በፊት የነበረውን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች በየመንደሩ አሉ። አንዳንዶቹም ይናፍቁታል።

በመጨረሻ ደብተሩ ላይ «ያልተቆረጡ ጉዳዮች» ብላችሁ ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ለምሳሌ፦ ንጉሡ ቢሞት ማን ይነግሣል? በጦርነቱ ጊዜ የሸሹ ሰዎች መሬት የማን ነው? ከሌላ አገር የመጣ ነጋዴ ገበያ ውስጥ ቤት መሥራት ይችላል? መልስ እንዳትጽፉ። መልሱን ጨዋታው ያምጣው። የተቆረጠውን ሁሉ «የሕግ ደብተር» በሚለው ገጽ ላይ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይጽፉታል።

ደረጃ 5፦ ጀብደኞቹ

እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አራት ጠባይ አለው፤ ጉልበት፣ ብልሃት፣ አንደበት፣ ልብ። ተጫዋቹ ለአንዱ 2፣ ለአንዱ 1፣ ለአንዱ 0፣ ለአንዱ ደግሞ ከዜሮ በታች 1 ይስጥ።

ሥራ ይኑረው። ሥራ ፈት ጀግና አይመቸኝም። ሲራራ ነጋዴ፣ አዳኝ፣ ቀጥቃጭ፣ ማር ቆራጭ፣ መድኃኒት አዋቂ፣ አዝማሪ፣ ሸማኔ፣ ኬላ ጠባቂ። ሰውዬው ሥራውን ሲሠራ ዳይስ አይጣልም። ማር ቆራጭ ዛፍ ይወጣል፤ አለቀ።

ቀጥሎ የፈረስ ስም ይውጣለት። ይህ የእኛው ወግ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። አባ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው። ፈረስ የሌለው ቀጥቃጭም ይሁን ሴት አዳኝ፣ ስሙ ይገባቸዋል። ግን በመጀመሪያው ቀን አታውጡት። ገጸ ባሕርዩ አንድ የሚነገርለት ነገር ሲሠራ ሌሎቹ ተጫዋቾች ይሰይሙት። ራሱን በራሱ መሰየም አይችልም። ስም የወጣለት ተጫዋች ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚጫወት ታያላችሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፦ «ከዚህ አገር ውስጥ ቢጠፋብህ የማትችለው አንድ ነገር ምንድን ነው?» «ሰላም» ወይም «ሕዝቤ» የሚል መልስ አትቀበሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ቤት፣ አንድ ዛፍ ይሁን። «ገበያው ዳር እንጀራ የምትሸጠው እህቴ» ካለች ጥሩ ነው። ቦታውን ካርታው ላይ ምልክት አድርጉበት። አጫዋቹ ያን ምልክት አይርሳ፤ በየቀጠሮውም አይጠቀምበት። አሥራ ሁለት ጊዜ የተጠለፈች እህት ማንንም አታሳስብም።

ደረጃ 6፦ ዳይሱ

ሁለቱን ዳይስ ጣሉ፣ ደምሩ፣ የሚመለከተውን ጠባይ ነጥብ ጨምሩ።

10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ያሰበው ሞልቶለታል። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ተሳክቷል፣ ግን ዋጋ አለው። 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ነገሩ ተበላሽቷል፤ ምን እንደሚመጣ አጫዋቹ ይናገራል።

ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወጣጥ አለው። ነጥቡ ዜሮ ለሆነ ሰው በ15ቱ ይበላሽበታል፣ በ15ቱ በዋጋ ይሳካለታል፣ በ6ቱ ይሞላለታል። ነጥቡ 2 ለሆነ ሰው ደግሞ በ6ቱ ብቻ ይበላሻል፣ በ15ቱ በዋጋ፣ በ15ቱ ሙሉ ነው። ልብ በሉ፤ «በዋጋ ተሳካ» የሚለው በሁለቱም ቦታ 15 ነው። ጨዋታው የሚኖረው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ የአጫዋች ትልቁ ችሎታ ጥሩ ዋጋ ማውጣት ነው። ሁለት ስድስት ከወጣ ግን ተጫዋቹ ተነሥቶ ይፎክር። ይህን ሕግ አትተዉት።

አንድ ትዕይንት ላሳያችሁ። ኬላው ላይ ነን።

አጫዋቹ፦ «ሠላሳ በቅሎ ጨው የጫነ ሲራራ ደርሷል። መሪው ሽማግሌ ናቸው። ‹ቀረጥ አልከፍልም› ይላሉ። ‹ንጉሣችሁ ገና ሳይነግሡ እህል አበድሬያቸዋለሁ፤ ቃል ገብተውልኛል።› ከኋላቸው ሌሎች ነጋዴዎች ቆመው ያዳምጣሉ። ምን ታደርጋላችሁ?»

ኬላ ጠባቂዋን የያዘችው ተጫዋች፦ «በርጩማ አቀርብላቸዋለሁ። ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ‹አባቴ፣ የንጉሡ ዕዳ የንጉሡ ነው፤ ቀረጡ ግን የኬላው ነው። ዛሬ ይክፈሉ፤ ስለ ዕዳዎ ችሎት ፊት እኔ ራሴ አብሬዎት እቆማለሁ› እላቸዋለሁ።»

ይህ አንደበት ነው። የሷ አንደበት 1 ነው። ዳይሱ 5 እና 3 ወጣ። ሲደመር 9። ተሳክቷል፣ በዋጋ።

ሽማግሌው ከፈሉ፤ ግምጃ ቤት ውስጥ አንድ ፍሬ ገባ። ዋጋው ምን ይሁን? ደካማ አጫዋች «አንድ በቅሎ ረገጠሽ» ይላል። ጥሩ አጫዋች የተናገረችውን ቃል ይይዛል። ኬላ ጠባቂዋ በሰው ፊት ንጉሡን ችሎት ልታቆም ቃል ገብታለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ንጉሡ ይህን ሰምቶ ይጠራታል። ተጫዋቾቹ በዚያው ቀን ደብተሩን አንሥተው «የንጉሥ ዕዳ ቀረጥ አያስቀርም» ብለው ከጻፉ አንድ ሕግ ተወለደ። ማንም ሳይዋጋ መንግሥቱ በአንድ ጣት ጠነከረ።

ለውጊያ የተለየ ሕግ አያስፈልግም። አንድ ሰው ሦስት ቁስል ይችላል። ሦስተኛው ላይ ይወድቃል፤ ይሙት ወይም አካለ ጎደሎ ሆኖ ይትረፍ የሚለውን ባለቤቱ ይምረጥ።

ደረጃ 7፦ ሦስት ሥጋት፣ ሦስት ክብ

አጫዋቹ ለብቻው ሦስት ሥጋት ያዘጋጅ። አንዱ ከውጭ የሚመጣ ይሁን፤ የነጋዴውን መንገድ የሚፈልግ ጎረቤት ንጉሥ። አንዱ ከውስጥ ይሁን፤ ዙፋኑ ለኔ ይገባ ነበር የሚል የንጉሡ ወንድም፣ ወይም ግብር የሰለቸው ባላባት። ሦስተኛው ሰው ያልሆነ ይሁን። ረግረጉ ውስጥ የተኛ ዘንዶ፣ ደኑን የያዘ ጭራቅ። የኛ ተረት በቂ አውሬ አለው፤ ከሌላ አገር መበደር አያስፈልግም።

ቡዳን ግን ተዉት። ይህ ስም ለስንት ዘመን ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን ሲያስገፋ ኖሯል። ይልቅ የቀጥቃጮቹ መንደር የመንግሥቱ ዋልታ ይሁንና ንቀቱን ጀብደኞቹ የሚፈቱት ጉዳይ አድርጉት። ከዘንዶው በላይ የከበደ ሥራ ይሆናል።

ለእያንዳንዱ ሥጋት አንድ ክብ ሳሉና ለስድስት ክፈሉት። ጀብደኞቹ ያላዩት ወይም የተዉት ሥጋት በቀጠሮው መጨረሻ አንድ ክፍል ይጠቆራል። ስድስቱም ሲጠቁሩ የተፈራው ይሆናል። ጦሩ ይመጣል፣ ወንድሙ ይነሣል፣ ዘንዶው ይነቃል። ክቡን አትደብቁ። ሁሉም እያየው ይጥቆር። አንድ ክፍል በጠቆረ ቁጥርም አንድ ምልክት ስጡ፦ ገበያ ላይ የጨው ዋጋ ናረ፣ የወንድምየው ቤት ብዙ እንግዳ ያድራል፣ ከብት ወደ ረግረጉ መውረድ እንቢ አለ።

ደረጃ 8፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ቀጠሮውን በቡናው ከፋፍሉት። ቡና እየተቆላ ያለፈው ሳምንት ታሪክ ይነገር። የሚናገረው አጫዋቹ አይሁን፤ በየጊዜው ሌላ ተጫዋች ይሁን።

አቦል ሲቀዳ የመንግሥት ወሬ ይምጣ። ሁለት ወይም ሦስት ጉዳይ ብቻ። ሸንጎ ይቀመጡ፣ ይከራከሩ፣ የትኛውን እንደሚይዙ ይወስኑ። ክርክሩ ከግማሽ ሰዓት ካለፈ አጫዋቹ ጣልቃ ይግባ፤ መልእክተኛ እየሮጠ ይድረስ።

ቶና ላይ ይወጣሉ። መንገዱ፣ አደጋው፣ ውጊያው፣ ድርድሩ ሁሉ እዚህ ነው። የቀጠሮው ትልቁ ክፍል ይህ ነው። ዝም ያለ ተጫዋች ካለ አጫዋቹ በስሙ ይጥራው፦ «አንተስ በዚህ ጊዜ የት ነህ?» ሁሌም ቀድሞ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። እሱን በሰው ፊት አትገሥጹት፤ ለገጸ ባሕርዩ ራቅ ያለ ሥራ ስጡትና ሌሎቹ ይተንፍሱ።

በረካ ላይ ሒሳብ ይደረጋል። ፍሬ ይወጣል፣ ፍሬ ይገባል፣ ክብ ይጠቆራል፣ ሕግ ይጻፋል። ማንም ሰው በረካ ሳይጠጣ እንዳይሄድ።

ደረጃ 9፦ ጦር ሲመጣ

አንድ ቀን የጎረቤቱ ክብ ይሞላል። ብዙ አጫዋቾች እዚህ ላይ ወታደር መቁጠር ይጀምራሉ፤ ሦስት መቶ በአምስት መቶ፣ ግራ ክንፍ ቀኝ ክንፍ። ተጫዋቾቹ ወዲያው ያንቀላፋሉ። እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ከካርታው ላይ ሦስት ቦታ ምረጡ። ሁሉም ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሳሏቸው ይሁኑ። እንበል ኬላው፣ ገበያውና የቀጥቃጮቹ መንደር። ጠላት በሦስቱም በኩል እንደሚመጣ ይታወቅ። ያለው ሰው ግን ለሁለት ብቻ የሚበቃ ነው። ከዚያ ዝም በሉ። ይከራከሩ። ይህ ክርክር የዘመቻው እምብርት ነውና ቡናው ቢቀዘቅዝም አታቋርጡት።

ቀጥሎ የዋዜማው ሌሊት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አጭር ትዕይንት ይጫወት፤ ገጸ ባሕርዩ ሌሊቱን ከማን ጋር ያሳልፋል? ዳይስ የለም። ያቺ እንጀራ ሻጭ እህት የምትመጣው አሁን ነው።

ንጋት ላይ እያንዳንዱ ጀብደኛ በተመደበበት ቦታ አንድ ወሳኝ ነገር ይሥራ፤ ድልድይ ይቁረጥ፣ የጠላትን አዝማች ይግጠም፣ የሸሸውን ይመልስ። ለያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ዳይስ ይጣል። ኬላ ሲኒ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች አሁን ይሠራሉ። አንድ ፍሬ ያወጣ ሰው ያበላሸውን ዳይስ እንደገና መጣል ይችላል። ወራት ሙሉ ኬላውን ሲያጠናክሩ የቆዩ ተጫዋቾች ዋጋቸውን የሚያገኙት እዚህ ነው።

ሰው ያልተመደበበት ሦስተኛው ቦታ ይያዛል ወይም ይቃጠላል። አታድኑት። አጫዋቹ በርኅራኄ ያዳነው ቦታ ከዚያ በፊት የተደረገውን ክርክር ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል።

በማግሥቱ ሸንጎ ይቀመጥ። የተቃጠለው መንደር ሰዎች መጥተው «ለምን እኛን?» ይበሉ። ተጫዋቾቹ ፊት ለፊት ይመልሱ። የሕዝብ ልብ ፍሬ የሚጨመረው ወይም የሚወጣው በዚህ መልስ ነው። እኔ ከውጊያው ይልቅ ይህን ሸንጎ በደንብ አዘጋጃለሁ።

ደረጃ 10፦ ወቅትና መጨረሻ

ዘመቻውን በመስከረም ጀምሩ፤ የጨዋታው ዓለምም በመስከረም ይጀምር። አራት ወቅት፣ ለያንዳንዱ ሦስት ቀጠሮ፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት። በመፀው ቡናው ይለቀማል፣ እህሉ ይገባል፤ ጎተራ አንድ ፍሬ ያገኛል። በበጋ ሲራራ ይበዛል፤ ግምጃ ቤት አንድ ያገኛል፣ ወንዙም ይጎድላልና የጎረቤቱ ክብ በየቀጠሮው ሁለት ክፍል ሊጠቁር ይችላል። በበልግ ጎልማሳው ሁሉ እርሻ ላይ ነው፤ ለጦር ከጠሩት ጎተራ አንድ ያጣል። በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ የውጭ ጠላት አይንቀሳቀስም። ነጋዴም አይመጣም። ጎተራ አንድ ይቀንሳል። የወንድምየውን ሤራ ለክረምት አቆዩት፤ ሁሉም ሰው በአንድ ኮረብታ ላይ ተዘግቶ ይከርማል።

አሥራ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ አዲስ ሥጋት አታምጡ። ንጉሡ ታሞ ተኝቷል። ያልተቆረጡ ጉዳዮች ከነበሩት የቀሩት ሁሉ በዚህ ሸንጎ ይቆረጡ፤ ማን እንደሚወርስም እዚሁ ይታወቅ። የሕግ ደብተሩን አንድ ተጫዋች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ ያንብብ። ሁለተኛ ዘመቻ ከፈለጋችሁ ሃያ ዓመት ዝለሉና የጀብደኞቹን ልጆች ይዛችሁ በዚያው ካርታ ላይ ጀምሩ። አጫዋቹ ግን በዚያን ጊዜ ሌላ ሰው ይሁን። ካርታውንና ደብተሩን ለሱ አስረክቡት።